ጭቃ ያልነካው ግንብ፦ ይቆማል ወይስ ይናዳል? አይቶ የመለያ መንገድ

መጀመሪያ ውርደቴን ልናገር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ እዚህ ስኮትላንድ የምኖርበት ቤት ጓሮ ውስጥ ካብ ካብኩ። ጭቃ የለው፣ ሲሚንቶ የለው፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ። ስድስት ሜትር ይረዝማል፣ ከፍታው ደረቴ ይደርሳል። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አደነቀ። ፎቶ አንስቼ ለእናቴ በዋትስአፕ ላክሁ፤ "የአባቴን እጅ ወርሰሃል" ብላ መለሰችልኝ። አባቷ፣ አያቴ ማለት ነው፣ መንዝ ውስጥ በካብ የታወቀ ሰው ነበር። ከዚያ በክረምቱ ውርጭ፣ አንድ ጠዋት መጋረጃ ስገልጥ የካቡ መሃል የለም። ሁለት ሜትር ያህሉ ሣር ላይ ተዘርግፏል። ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

የሚያናድደው ምን መሰላችሁ? እዚሁ አገር፣ ሰሜን ጫፍ ላይ፣ እንደኔው ያለ ጭቃ የተካበ 13 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ አለ። የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ገደማ ነው። ማዕበሉ፣ ንፋሱ፣ ውርጩ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ተፈራርቆበት ዛሬም ሰው በውስጡ ደረጃ ይወጣል። የኔው አንድ ክረምት አልቻለም።

ስለዚህ ሄጄ አየሁት። ከዚያ ሌሎቹንም ዞርኩ። ይህን የምጽፈው የድሮ የድንጋይ ግንብ ወይም ካብ ፊት ቆማችሁ "ይሄ ነገር ደህና ነው?" ብላችሁ ራሳችሁን ለምትጠይቁ ነው። ቱሪስት ሁኑ፣ አያታችሁ የካቡት እርከን ያሳሰባችሁ ሁኑ፣ ወይ ኮንሶ ሄዳችሁ መንደሩን የከበበው ካብ ስር አፋችሁን ከፍታችሁ የቆማችሁ፤ የምታዩት ነገር አንድ ነው። ኢንጂነር አይደለሁም። ግን አብዛኛው ነገር በዓይን ይታያል፣ ምን ማየት እንዳለባችሁ ካወቃችሁ።

ለመሆኑ ምን ይዞት ነው የቆመው?

ክብደቱ። ሌላ የለም። ክብደቱ ድንጋዩን ወደ ታች ይጫነዋል፣ የተጫነ ድንጋይ ደግሞ በቀላሉ አይንሸራተትም። ቤት ውስጥ መሞከር ትችላላችሁ። አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ በሌላ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጡና የታችኛውን ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት። ወደ 30 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ የላይኛው ንቅንቅ አይልም። ካቡን የያዘው ይሄው ሻካራነት ነው።

ብዙ ሰው "ይሄን ሁሉ ክብደት የታችኛው ድንጋይ እንዴት ቻለው?" ይላል። እኔም እል ነበር። ሒሳቡ ግን ቀላል ነው። አንድ ሜትር ኩብ ድንጋይ 2.5 ቶን ገደማ ቢመዝን፣ 13 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ታችኛውን ድንጋይ በካሬ ሜትር 30 ቶን አካባቢ ይጫነዋል። ጠንካራ የአሸዋ ድንጋይ በሺዎች ቶን ይችላል። ስለዚህ የታችኛው ድንጋይ ተፈጭቶ ግንቡ ወደቀ የሚባል ነገር እርሱት። ድንጋይ ችግር የሚገጥመው ሲለመጥ ነው። በሁለት ጫፉ ብቻ ተደግፎ መሃሉ ባዶ ከሆነና ከላይ ከተጫኑት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። መጫን ይወዳል፣ መለመጥና መጎተት አይወድም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህች ነገር የሚመነጭ ስለሆነ ያዟት።

ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ?

ክር፣ ጫፉ ላይ ብሎን ወይም ቁልፍ የታሰረበት፤ ቱንቢ ካላችሁ ደግሞ እሰየው። ካሜራ ያለው ስልክ። አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ዱላ። ትንሽ ባትሪ። በቃ። መዶሻ አያስፈልግም። ድንጋይ እየነካኩ "ይነቃነቃል ወይ" ማለትም አያስፈልግም፤ የምትነቃንቋት አንዲት ጠጠር ከላይዋ ያለውን ግማሽ ቶን ይዛ ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ ራቁ

ግንብ ዘንድ የደረሰ ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ በሩ ጋ ይሄዳል። አትሂዱ። ከፍታውን ሁለት ሦስት እጥፍ ያህል ራቁና ዙሪያውን አንድ ጊዜ ዙሩት።

የምትፈልጉት ቅርጹን ነው። ያ የነገርኳችሁ ግንብ የሚገኘው ሼትላንድ ደሴቶች ውስጥ፣ ሙሳ በምትባል ሰው የማይኖርባት ትንሽ ደሴት ላይ ነው። እንዲህ ያሉትን ክብ ግንቦች ብሮክ ይሏቸዋል። በስኮትላንድ ከ500 በላይ የብሮክ ቦታዎች አሉ፣ አብዛኞቹ ዛሬ የድንጋይ ክምር ናቸው። ሙሳ ግን ከነሙሉ ቁመቱ ሊባል በሚችል ሁኔታ ቆሟል። ከሩቅ ሲያዩት መሶብ ነው የሚመስለው፣ ታቹ ሰፋ ብሎ ወገቡ ገባ ያለ። ታች የውጭ ስፋቱ 15 ሜትር ገደማ ነው፣ አናቱ ላይ ወደ 12 ሜትር ይጠባል። ግድግዳው ወደ ውስጥ ዘንበል ብሏል ማለት ነው። ይህን ዝንባሌ አይታችሁ "ተጣመመ" እንዳትሉ። ሆነ ተብሎ የተደረገ ነው። ክብደቱ ሁልጊዜ መሃሉ ላይ እንዲያርፍ ያደርገዋል።

ክብ መሆኑም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ክብ ግድግዳ ወደ ውስጥ ልውደቅ ቢል ድንጋዮቹ ጎን ለጎን ይጣበቁና ራሳቸው ይያያዛሉ፤ ሰዎች ክብ ሠርተው ትከሻ ለትከሻ ተገጥመው ወደ መሃል ቢገፏቸው ቦታ እንደማይኖራቸው። ወደ ውጭ ቢገፏቸው ግን? እጅ ለእጅ ካልተያያዙ ይበተናሉ። ድንጋይ ደግሞ እጅ የለውም። ስለዚህ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ክብ ግንብ ብዙም አያስፈራም፤ ወደ ውጭ ያበጠ ግን ያስፈራል።

አሁን ክሩን አውጡ። እጃችሁን ዘርግታችሁ ክሩን ከነብሎኑ አንጠልጥሉ፣ አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ክሩን ከግንቡ ጠርዝ ጋር አስተያዩት። ከታች እስከ ላይ ያለው መስመር ለስለስ ብሎ እየገባ መሄድ አለበት። መሃል ላይ ወደ ክሩ ብቅ የሚል ቦታ ካለ ካቡ ቦርጭ አውጥቷል። ክሩ እንዳለ ፎቶ አንሱት፤ ንፋስ ካለ እንጨት ላይ እሰሩትና ብሎኑን ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ንከሩት፣ መወዛወዙን ያቆማል። ይህችን ብልሃት የተማርኩት አብሬው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሠራሁት ሽማግሌ ካቢ ነው።

ቦርጭ ምን ማለት ነው? ካብ አንድ ግድግዳ አይደለም፣ የውስጥና የውጭ ሁለት ፊት አለው፣ መሃሉ በትንንሽ ድንጋይ ይሞላል። የመሃሉ ሙሌት ወደ ታች ሲሰጥም እንደ ሽብልቅ ሆኖ ሁለቱን ፊቶች ይገፋቸዋል። ፊቱ ያብጣል። ያበጠው ላይ ያለው ክብደት ከመሃል ይወጣና ይበልጥ ይገፋዋል። ለረጅም ዓመት ምንም ሳይሆን ሊቆይ ይችላል። ከዚያ አንድ ዝናባማ ሌሊት ይበቃዋል።

ጠጋ በሉ፣ ግን ከስር አትቁሙ

ቦርጭ ካያችሁ እዚያ ጋ አትጠጉ። ካላያችሁ ጠጋ በሉና አንድ ቦታ መርጣችሁ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆነውን ብቻ ለአምስት ደቂቃ እዩት። ሁሉን ካያችሁ ምንም አታዩም።

መጀመሪያ መገጣጠሚያዎቹን። ሁለት ድንጋዮች የተገናኙበት ስንጥቅ ላይ ሌላ ድንጋይ ተጋድሞ መሸፈን አለበት። አንድ በሁለት ላይ፣ ሁለት በአንድ ላይ። ስንጥቁ ሳይሸፈን ሦስት አራት ረድፍ ቀጥ ብሎ ከወጣ ግድግዳው እዚያ ጋ በቢላ እንደተቆረጠ ቁጠሩት። ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ እዩ፣ ቀጥ ያሉት መስመሮች ራሳቸው ይወጡላችኋል። አንዳንዴ እንዲህ ያለው ረጅም መስመር ስህተት ሳይሆን ታሪክ ነው፤ የድሮው በር ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፣ ወይም በኋላ የተጠገነ።

ቀጥሎ የድንጋዩን አቀማመጥ። እኔን ጉድ የሠራኝ ይሄ ነው። ረጅም ድንጋይ ስታገኙ ፊት ለፊት አጋድሙት ያሰኛችኋል፣ ሲያዩት ያምራላ! ቦታም ቶሎ ይሸፍናል። አያቴ "ድንጋዩ እግሩን ወደ ውስጥ ይዘርጋ፣ ውጭ ፊቱ ብቻ ይታይ" ይል ነበር። እኔ ጠጠር እያቀበልኩት ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ ራሴ ስክብ ግን ረሳሁት። ከውጭ የምታዩት ድንጋይ ትንሽ ከሆነ ወደ ውስጥ ይረዝማል ወይስ እዚያው ያበቃል የሚለውን ከፊቱ ብቻ ማወቅ አይቻልም፤ ግን የፈረሰ ጎን ካለ እዚያ ሄዳችሁ የተቆረጠውን እዩ። ሙሳ የተካበበት ድንጋይ እንደ ጠፍጣፋ ገበታ እየተሰነጠቀ የሚወጣ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ለካቢ ሎተሪ ነው። አማርኛችን "ካብ የማይገባ ድንጋይ" የሚለው ሰው እዚያ አገር ቢፈለግ አይገኝም፣ ሁሉም ይገባል።

ከዚያ ጠጠሮቹን። በትልልቆቹ መሃል የተወተፉት ትንንሽ ሽብልቆች ቦታቸው ላይ አሉ? ግድግዳው ስር የወዳደቁ ካሉ፣ በተለይ ስብራታቸው አዲስና ንጹሕ ከሆነ፣ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው። ሽበት የወጣው፣ ድንጋይ ሽበት የለውም ካላላችሁኝ፣ ያ ነጭና ቢጫ ሽፋን ያለበት ስብራት የድሮ ነው። ፊቱ ጥሬ ሆኖ የሚያበራው የዘንድሮ ነው። ይህን ልዩነት ማየት ከቻላችሁ ግማሹን ሥራ ጨረሳችሁ።

አንድ ነገር ግን፦ ሙሳ ላይ ባትሪያችሁን ስንጥቅ ውስጥ አትሰኩ። ድንጋዮቹ መሃል ከድንቢጥ እምብዛም የማትበልጥ ጥቁር የባሕር ወፍ ትፈለፍላለች። በበጋ ሌሊት ከግድግዳው ውስጥ የሚሰማው ድምፅ እንደ ድመት ማንኮራፋት ነው፣ መጀመሪያ ስሰማው ግንቡ የሚያጉረመርም መስሎኝ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ደረቅ ካብ ቀዳዳ አለው፣ ቀዳዳው ደግሞ ጉድለቱ አይደለም፤ ውሃ የሚወጣው በዚያ ነው።

በሩ

ግድግዳ ላይ በር ስትከፍቱ ክብደቱ መንገዱን ይለውጣል። ከበሩ በላይ ያለው ሁሉ ጉበኑ ላይ ያርፋል፣ ጉበኑ ደግሞ በሁለት ጫፉ የተደገፈ ድንጋይ ነው። ምን አልን? ድንጋይ መለመጥ አይወድም።

ስለዚህ በሩ ጋ ስትደርሱ ከመግባታችሁ በፊት ቀና በሉ። የጉበኑ ሆድ ላይ፣ መሃሉ አካባቢ፣ ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ስንጥቅ አለ? ጫፎቹ መቃኖቹ ላይ በደንብ ገብተዋል ወይስ በአንድ መዳፍ ያህል ብቻ ነው የተንጠለጠሉት? ስንጥቅ ካለ አትግቡ፣ ቢያንስ ቆማችሁ ሰልፊ አታንሱ።

የድሮዎቹ ካቢዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ሰሜን ስኮትላንድ ውስጥ ዱን ዶርናጊል የሚባል የፈራረሰ ብሮክ አለ፣ የበሩ ጉበን ግዙፍ ባለ ሦስት ማዕዘን ድንጋይ ነው። መሃሉ ወፍራም፣ ጫፎቹ ቀጭን። ድንጋይ የሚለመጠው መሃሉ ላይ ስለሆነ ውፍረቱንም እዚያው አስቀመጡት። ማን አስተማራቸው? ሲሰበር አይተው ነዋ።

ሌላው መላ ደግሞ ባዶነት ነው። ሙሳ ውስጥ ገብታችሁ የውስጡን ግድግዳ ስታዩ ከበሮች በላይ መስኮት የመሰሉ ቀዳዳዎች እንደ መሰላል ተደራርበው ወደ ላይ ይወጣሉ። ለብርሃንም ለአየርም ይሆናሉ፣ ግን ዋናው ነገር ጉበኑ ላይ የሚያርፈውን ክብደት ቀንሰውታል። ከጉበኑ በላይ ሰፊ ድንጋይ የለም፣ አየር ነው ያለው። ክብደቱ በግራና በቀኝ ወርዶ መሬት ይገባል። ስለዚህ እነዚህን ቀዳዳዎች አይቶ "ድንጋይ ወድቆበት ነው፣ እንድፈነው" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እጁን ያዙት።

ግድግዳው ውስጥ መንገድ አለ

የብሮክ ዋና ምስጢሩ ይሄ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሙሳ 15 ሜትር ሰፊ ነው አልን። የውስጡ ክፍል ግን 6 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቀሪው 9 ሜትር ግድግዳ ነው፣ በእያንዳንዱ ጎን አራት ሜትር ተኩል! ታችኛው ክፍል ከበሩና ከጥቂት ትንንሽ ክፍሎች በቀር ድፍን ነው። ከዚያ በላይ ግን ግድግዳው ሁለት ይሆናል። ውስጠኛና ውጨኛ ግድግዳ፣ መሃላቸው አንድ ሰው በትከሻው እየታከከ የሚያልፍበት ባዶ ቦታ። በየፎቁ ሰፋፊ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ተጋድመው ሁለቱን ያስሯቸዋል፤ ለታችኛው መተላለፊያ ጣሪያ ናቸው፣ ለላይኛው ወለል። ደረጃውም በዚሁ መሃል እየዞረ ይወጣል።

ለምን እንዲህ አደረጉ? እግሩን አንፈራጦ የቆመን ሰው አስቡ። እግሩን ገጥሞ ከቆመው ይልቅ መግፋት ይከብዳል፣ ክብደቱ ግን ያው ነው። ሁለት ቀጫጭን ግድግዳዎች ተራርቀው ከታሰሩ በአንድ ወፍራም ግድግዳ ልክ ይቆማሉ፣ ድንጋዩ ግን በጣም ያንሳል። ሥራው ሁሉ ያለው ማሰሪያዎቹ ላይ ነው። ስለዚህ ደረጃውን ስትወጡ ከራሳችሁ በላይ ያሉትን ጠፍጣፋ ድንጋዮች እያያችሁ ውጡ። የተሰበረ ካለ፣ ወይም አንድ ጫፉ ከግድግዳው ሊወጣ የቀረበ ካለ፣ ሁለቱ ግድግዳዎች እየተራራቁ ነው። ሙሳ ላይ በየጊዜው የሚከታተለውና የሚጠግነው የመንግሥት አካል አለ፣ ተዘግቷል የሚል ምልክት ካያችሁ በምክንያት ነው።

ሁለት ግድግዳውን ከውጭ ማየት ከፈለጋችሁ ሉዊስ ደሴት ላይ ያለውን ዱን ካርሎዌይን እዩ። አንዱ ጎኑ 9 ሜትር ገደማ ቆሟል፣ ሌላው ፈርሷል፤ ድፎ ዳቦ በቢላ እንደቆረጡት ውስጡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መማሪያ ነው። ግን አስተውሉ፦ ክቡ ከተቆረጠ በኋላ ያ ትከሻ ለትከሻ መደጋገፍ ቁርጡ ላይ የለም። ግማሽ የቆመ ክብ ግንብ ላይ መጀመሪያ የሚናደው ያ ጠርዝ ነው። ልጅ ካላችሁ እዚያ ላይ እንዳይንጠላጠል።

ሁሉም ግን አልተሳካላቸውም። ኦርክኒ ውስጥ፣ ሩሳይ ደሴት ላይ፣ ሚድሃው የሚባል ብሮክ አለ። ካቢዎቹ መተላለፊያውን ከመሬት ጀመሩት፣ ድፍን መሆን ያለበትን ቦታ ባዶ አደረጉት። የውጨኛው ግድግዳ መግፋት ሲጀምር ይመስላል፣ ትልልቅ ሳንቃ ድንጋዮች ከውጭ በኩል ቀጥ አድርገው አስደግፈውበታል። ዛሬም እዚያው ቆመዋል። ከሙሳ ይልቅ ሚድሃውን ወደድኩት ብል ይገርማችኋል? የተሳሳተ ሰው ስህተቱን ሲያርም ያየሁት መሰለኝ። የኔም ካብ ቢሆን ድጋፍ ባደርግለት ኖሮ እያልኩ።

በነገራችን ላይ ሁሉም አገር የራሱ መላ አለው። የሰርዲኒያዎቹ ኑራጌ ግንቦች ከብሮክ በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድሙ ናቸው፣ ግዙፍ ድንጋዮችን እያንዳንዱን ረድፍ ከታችኛው ትንሽ ወደ ውስጥ እያስገቡ አናቱ ላይ ያጋጥሟቸዋል፣ ጣሪያው ራሱ ካብ ነው። ታላቋ ዚምባብዌ የምትባለው የድሮ የድንጋይ ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ ያለው ሾጣጣ ግንብ ደግሞ 10 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ሲሆን ውስጡ ክፍል የለውም፣ ድፍን ነው። ክሩን የምታንጠለጥሉት ግን እዚያም እንደዚሁ ነው።

አናቱ፣ ውሃው፣ ሥሩ

ካብን ከላይ የሚገድለው ውሃ ነው። ውሃው ራሱ ሳይሆን ውሃው የሚያመጣው አፈር። ደረቅ ካብ ውስጥ ዝናብ ገብቶ በቀዳዳው ይወጣል፣ ችግር የለም። አፈር ሲገባበት ግን ውሃው ይቋጠራል፣ በብርድ አገር ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ያብጣል፣ ይገፋል። የኔ ካብ ሁለተኛው ጥፋት ይሄ ነበር። ጠጠር መልቀም ሰልችቶኝ መሃሉን በአፈር ሞላሁት። ማን ያየዋል ብዬ። ውርጩ አየው።

ስለዚህ ግንቡ አናት ላይ ሣርና ቁጥቋጦ በቅሎ ካያችሁ "ሲያምር" አትበሉ። ሣር ካለ አፈር አለ። ቀጭን ሣር ያን ያህል አይደለም፣ የዛፍ ሥር ግን ሽብልቅ ነው፣ በየዓመቱ የሚወፍር ሽብልቅ። ሆኖም የበቀለውን ዛፍ ነቅላችሁ እንዳትጥሉ። ሥሩ የፈታውን ድንጋይ አሁን የያዘው ራሱ ሥሩ ሊሆን ይችላል። ከላይ ቆርጦ እዚያው እንዲደርቅ መተውና ካቢ መጥራት ይሻላል።

ከዚያ ሲሚንቶ። ስንቱን ካብ ያበላሸው ይሄ ነው፣ አገር ቤትም ውጭም። ሰው በቅንነት "እናጠንክረው" ብሎ ስንጥቁን በሲሚንቶ ይደፍነዋል። ካቡ በየቀኑ በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል፣ ፀሐይ ሲመታው፣ ሲበርደው፣ መሬቱ ሲረጥብ፤ ድንጋዮቹ እየተመቻቹ ይቀመጣሉ። ሲሚንቶ የገባበት ክፍል ግን አብሮ አይንቀሳቀስም። ውሃ መውጫውም ይዘጋል። ትንሽ ቆይቶ ሲሚንቶው ዳር ላይ አዲስ ስንጥቅ ይወጣል። ኮንሶዎች ከ400 ዓመት በላይ እርከኖቻቸውን ያቆዩት በየጊዜው የወደቀውን እየከቡ ነው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2011 የመዘገበው ድንጋዩን ብቻ ሳይሆን ይህንኑ በሕይወት ያለ ሙያ ጭምር ነው። የደረቅ ካብ ጥገናው ካብ ነው።

እንግዲህ መቼ ነው የሚያስፈራው?

ያየሁትን በሙሉ ደርድሬ ስንቱን ልፍራ ብትሉኝ እንዲህ እላለሁ። ድንጋዮቹ የተጣመሙ መምሰላቸው፣ ግንቡ ወደ ውስጥ ማዘንበሉ፣ አናቱ መሸራረፉ፣ የድሮ ስንጥቅ መኖሩ፣ እነዚህ እንቅልፍ አይነሱኝም። ቦርጭ፣ አዲስ የወደቀ ጠጠር፣ መሃሉ የተሰነጠቀ ጉበን፣ ከግድግዳው የወጣ ማሰሪያ ድንጋይ፣ ከመሠረቱ ስር የተቆፈረ ጉድጓድ (ጥንቸል ሊሆን ይችላል፣ ጅብ ሊሆን ይችላል፣ ሀብት ፈላጊም ሊሆን ይችላል)፣ እነዚህ ያስፈሩኛል። ከነዚህ ሁለቱን አንድ ቦታ ላይ ካየሁ ደግሞ ልጆቼን ጠርቼ እሄዳለሁ።

ግን በአንድ ቀን እይታ ማወቅ የማይቻለው ዋናው ጥያቄ አለ፦ እየተንቀሳቀሰ ነው ወይስ ከመቶ ዓመት በፊት ተንቀሳቅሶ ቆሟል? ለዚህ ፎቶ ነው መድኃኒቱ። አንድ የማይነሳ ምልክት ፈልጉ፣ ትልቅ አለት ይሁን የአጥር ቋሚ። እዚያ ላይ ቆማችሁ፣ የአንድ ሜትር ዱላችሁን ግድግዳው ስር አስቀምጣችሁ፣ ክሩ እየታየ አንሱ። በዓመቱ በዚያው ወቅት፣ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ከፍታ ድጋሚ አንሱ። ሁለቱን ፎቶዎች ስልክ ላይ እያቀያየራችሁ ስታዩ የተንቀሳቀሰ ድንጋይ ካለ ዓይናችሁ ላይ ይዘላል። ግድግዳው ላይ ግን ቀለምም ጠመኔም እንዳታደርጉ፣ ቅርስ ነው፤ በብዙ አገር ድንጋይ ማንሳትም ያስከስሳል። አሳሳቢ ነገር ካያችሁ ፎቶዎቹን ይዛችሁ ለሚመለከተው አሳዩ፣ አገር ቤት ከሆነ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት። "ሊወድቅ ነው" ከማለት "ባለፈው ዓመት እዚህ ነበር፣ ዘንድሮ እዚህ ነው" ማለት ይሰማል።

የራሳችሁ ካብ ከሆነ ደግሞ ፎቶ ብቻ አይበቃም፣ ያበጠውን ቦታ ከላይ ጀምራችሁ አፍርሱትና እንደገና ካቡት። ከመሃል ድንጋይ መዞ መግፋት አይሠራም፣ ሞክሬዋለሁ። ድንጋዮቹን በመጠን ለይታችሁ ሣር ላይ ዘርጉ፣ ትልቁ ቅርብ፣ ትንሹ ሩቅ፣ ረጃጅሞቹ ለብቻ። ረጃጅሞቹን አደራ ለመሃል አስቀምጧቸው፣ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው የሚሻገሩት እነሱ ናቸው። መሃሉን በእጅ፣ አንድ በአንድ፣ በጠጠር ሙሉ፤ በአካፋ አትገልብጡት።

እኔ ያንን ሁለት ሜትር ድጋሚ ለመካብ አራት ቅዳሜ ፈጀብኝ። መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ነበር የወሰደው። ሲያልቅ ሰባት ድንጋዮች ተረፉ፣ ድቡልቡል የወንዝ ድንጋዮች፣ የትም የማይገቡ። እነሱን ደርድሬ በሩ አጠገብ መቀመጫ አደረግኋቸው። ዘንድሮ ውርጩ ሲመጣ እዚያ ቁጭ ብዬ፣ ቡናዬን ይዤ፣ ክሩን አንጠልጥዬ አየዋለሁ። እስካሁን ቦርጭ የለውም።